ሽቦው ያው ከሆነ ምኑን ቀየረችው?

እህቴ እንግሊዝ አገር ነው የምትኖረው፣ ሊድስ የሚባል ከተማ። እሁድ እሁድ እንደዋወላለን። ጥር 2016 ላይ አንድ ቀን ደወለችና ሰላምታው ሳያልቅ «ውይ፣ መብራት ቀየርኩ እኮ!» አለችኝ። አምፖል የለወጠች መስሎኝ «ጎሽ» ብዬ ላልፍ ነበር። «አምፖል አይደለም፣ ካምፓኒውን ነው» አለች።

እናቴ ያኔ ለዓይኗ ሕክምና ከመንዝ መጥታ ደብረ ብርሃን እኔ ቤት ነበረች። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ መሀላችን አስቀመጥኩት።

«ሌላ ሽቦ ዘረጉልሽ?» አለች እናቴ።

«አይ እማዬ፣ ሽቦው ያው ነው።»

«ቆጣሪውስ?»

«እሱም ያው ነው።»

«መብራቱ ደመቀ?»

«ያው ነው እማዬ።»

«ታዲያ ምኑን ቀየርሽው?»

«ሂሳብ የሚቀበለኝን።»

እናቴ ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ እህቴ እንደምትሰማ እያወቀች፣ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አለች። ሦስታችንም ሳቅን። እህቴ ግን አልተበገረችም። «ወጡ አይጣፍጥ፣ ብር ይተርፈኛል» አለች።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እኔ ቢሮ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ወጪ ስደምር እውላለሁ። የራሴን ማድ ቤት ግን አንድም ቀን ደምሬው አላውቅም።

መጀመሪያ የእህቴን ጉዳይ ልጨርስ። እንግሊዝ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ1999 ጀምሮ ማንኛውም ቤት መብራት የሚሸጥለትን ድርጅት መምረጥ ይችላል። የሽቦው ባለቤት ሌላ ነው፤ መብራቱን የሚሸጠው ሌላ። ዋጋ የሚያወዳድሩ ድረ ገጾች አሉ። የሰፈርሽን ቁጥርና በዓመት ምን ያህል እንደምትጠቀሚ ታስገቢያለሽ፤ ዝርዝሩ ይመጣል። ከመረጥሽ በኋላ አሮጌውን ድርጅት የሚሰናበትልሽ አዲሱ ነው። ዝውውሩ አምስት የሥራ ቀን ቢፈጅ ነው። ቢቆጭሽ ሐሳብሽን የምትቀይሪበት 14 ቀን አለሽ። የተዋዋልሽው ጊዜ ሳያልቅ ከወጣሽ ግን አንዳንዱ ድርጅት መውጫ ያስከፍላል። እህቴ ጥር ድረስ የጠበቀችው ለዚህ ነው፤ ውሏ እስኪያልቅ።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ከተጠቀሙበት መብራት ሌላ በየቀኑ የሚቆጠር ቋሚ ክፍያ አለ። ቤትሽን ዘግተሽ አገር ቤት ብትመጪ፣ አንድ አምፖል ባታበሪ፣ እሱ ይቆጥራል። ድርጅት ስትመርጪ አንዱ ይህን ዝቅ አድርጎ የመብራቱን ዋጋ ከፍ ያደርጋል፤ ሌላው በተቃራኒው። እህቴ ብቻዋን ስለምትኖር ብዙ አትጠቀምም። ለእሷ ቋሚው ክፍያ ዝቅ ያለው ነው የሚያዋጣት። ጎረቤቷ አምስት ልጅ አላት፤ ለእሷ ያኛው። ርካሹ ድርጅት የቱ ነው ብለሽ ብትጠይቂ መልሱ «ለማን?» ነው።

ደግሞ ከዚያ በፊት ያየችው መከራ አለ። በ2021 የፈረንጆች መጨረሻ ላይ የጋዝ ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ በርካሽ እንሸጣለን ሲሉ የነበሩ ሠላሳ ገደማ ድርጅቶች ተከታትለው ወደቁ። የእሷም አንዱ ነበር። መብራቱ አንድ ደቂቃ አልጠፋባትም። ኦፍጌም የሚባለው ተቆጣጣሪ ደንበኞቹን ወደ ሌላ ድርጅት አዛወራቸው። የወደቁት ድርጅቶች የተዉት ዕዳ ግን በሁሉም ሰው ሂሳብ ላይ ተጨመረ። በየት በኩል? በዚያው በየቀኑ በሚቆጠረው ቋሚ ክፍያ በኩል። ርካሽ ፈልጋ ሄዳ የማታውቅ፣ ከድሮ ድርጅቷ ንቅንቅ ያላለች አሮጊት ጎረቤቷ፣ የእህቴን ርካሽ መብራት ዕዳ አብራ ከፈለች ማለት ነው። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ትንሽ ዝቅ አለ።

እዚህ ላይ ያዝ ይደረግልኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኔ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብዬ የምቀይረው ካምፓኒ የለኝም። መብራት የሚሸጥልን አንድ ነው። ያንን እሁድ ግን ማድ ቤቴን ዞር ብዬ አየሁት። ጥግ ላይ የመብራት ምጣድ። አጠገቡ ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ። ከበሩ ውጪ የከሰል ምድጃ፣ ላቀች የሚባለው። ከጀርባው ግማሽ ጆንያ ከሰል። አልጋ ሥር ባዶ የቡታጋዝ ሲሊንደር፣ ሊሞላ ወረፋ ሲጠብቅ ዝገት የጀመረው። እናቴ ደግሞ ባዶ እጇን አትመጣም፤ ኩበት ይዛ መጥታለች። እህቴ በዓመት አንዴ ካምፓኒ ትቀይራለች። እኔ በቀን አራት ጊዜ እቀይራለሁ። ጠዋት ሻይ በመብራት፣ ቡና በከሰል፣ መብራት ሲሄድ ወጥም በከሰል፣ ከሰሉ ሲያልቅ የጎረቤት ደጅ።

ድሮም እኮ እንዲሁ ነው። ከእኛ ወዲያ አንኮበር ነበር የምኒልክ መቀመጫ። ከዚያ እንጦጦ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። አዲስ አበባ ላይ ማገዶ ሲያልቅ ከተማዋን ነቅሎ ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ ታስቦ ነበር። ያቆማት ባሕር ዛፍ ነው። ንጉሥ ማገዶ አቅራቢ የሚቀይረው ከተማውን ይዞ ነው። የእኛ ይሻላል።

ለማንኛውም ደብተር ገዛሁ። ለአንድ ወር፣ ማድ ቤቴ የሚበላውን ሁሉ ልጽፍ።

የመጀመሪያው ችግር ቆጣሪው ነው። የምኖርበት ግቢ ውስጥ አምስት ቤት አለን፤ አከራያችንን ጨምሮ። ቆጣሪው አንድ ነው። ሂሳቡ ሲመጣ አከራያችን ለአምስት እኩል ታካፍለዋለች። ሁልጊዜ ሂሳብ በመጣ ቁጥር ማጉረምረም አለ። በጣም የማጉረመርመው እኔ ነኝ። «እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ነኝ፤ ማን ነው ይህን ሁሉ የሚያነደው?» እል ነበር።

የመብራት ምጣድ የሚወስደው ኃይል ሦስት ኪሎዋት ተኩል አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም አይልም። እንዲህ ልበለው፦ ባለ ዘጠኝ ዋት አምፖል ወደ አራት መቶ የሚጠጋ በአንዴ ማብራት ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ሌሎቹ ተኝተው ሳሉ፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍኩና ሊጥ ይዤ ተቀመጥኩ። ሠላሳ እንጀራ ጋገርኩ። ተመልሼ አየሁ። አምስት ኪሎዋት ሰዓት። ከዚያ ውስጥ አንድ የምታህለው ምጣዱ እስኪግል ብቻ የሄደች ናት፤ ገና አንድ እንጀራ ሳይወጣ።

በወር አራት ጊዜ ብጋግር ሃያ። ምድጃው በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ አርባ አምስት። አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ካውያው አሥር። ድምሩ ሰባ አምስት። እንግዲህ ከጎኔ ያለውን ልጅ ተመልከቱ። ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ብዙ ጊዜ የሌሊት ፈረቃ። አንድ አምፖል አለችው፤ እሷንም የሚያበራት ቤት ሲኖር ነው። ስልኩን ሳይቀር ሥራ ቦታ ነው የሚሞላው። ምሳና እራቱ እዚያው ሥራ ቦታ። በወር አምስት ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም ብዙ ነው። የሚከፍለው ግን እኔ የምከፍለውን ያህል ነው።

ማን ነው ይህን ሁሉ የሚያነደው? እኔ ነኝ።

ታሪኩ እዚህ አያልቅም፤ ታሪፉም አለ። መብራት በእርከን ነው የሚከፈለው። ያኔ፣ ማለትም ከመስከረም 2017 በፊት በነበረው ታሪፍ፣ የመጀመሪያዋ እርከን፣ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ፣ አንዷ 27 ሳንቲም ገደማ ነበረች። ከ51 እስከ 100 ያለው 77 ሳንቲም ገደማ። ከ201 እስከ 300 ሁለት ብር። ከ500 በላይ ሁለት ብር ከ48 ሳንቲም። ከታችኛው እስከ ላይኛው ዘጠኝ እጥፍ ነው። ልጁ የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው በሃያ ሰባት ሳንቲሟ ውስጥ ተኝቶ ይኖር ነበር። እኔ ከሰባ ሰባት ሳንቲም አልዘልም። አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ስንደመር ግን ሦስት መቶ ጫፍ ላይ እንቆማለን። ቆጣሪው አምስት ቤት መሆናችንን አያውቅም። አንድ ሀብታም ቤት ነው የምንመስለው።

ይህን ሁሉ አሥልቼ ሳበቃ ለማንም አልተናገርኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንድ ሳምንት ደበቅኩት። ደብተሩን ፍራሽ ሥር አስቀምጬ ማጉረምረሜን ብቻ ተውኩ። ልጁ ጠዋት ከፈረቃ ሲመለስ «እትዬ፣ እንደምን አደርሽ» ሲለኝ ዓይኑን ማየት ከበደኝ።

ነገሩን ያወጣብኝ እናቴ ናት። ደብተሩን አገኘችው። ማንበብ አትችልም፤ ግን መደበቄን አየች። ምንድነው ብላ ጠየቀችኝና ነገርኳት። «እና የሰው ልጅ እንጀራሽን ሲጋግርልሽ ከርሞ አንድ ቀን እንኳን ጠርተሽ አላበላሽውም?» አለች።

በማግስቱ ግቢውን ሰብስቤ ተናዘዝኩ። አከራያችን መጀመሪያ አልወደደችውም። «እስከ ዛሬ ማን ቅር አለው?» አለች። ልጁ ደግሞ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? «እትዬ፣ እኔማ ምጣዱን ስትለኩሺው የኔ ግድግዳ ይሞቃል። ተይው።» ሳቅን። ግን እኮ ቀልድ ብቻ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ላይ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎ በሚያድርበት አገር፣ የሞቀ ግድግዳ ዋጋ አለው። የኪራዩ ውስጥ ቢገባ አይገርመኝም።

በመጨረሻ ከዋናው ቆጣሪ በታች ለየቤታችን ትንንሽ ቆጣሪ አስገባን፤ ኤሌክትሪሻን ጠርተን፣ ብር አዋጥተን። እርከኑን አልቀነሰልንም፤ ዋናው ቆጣሪ ያው አንድ ነው። የየራስን ዋና ቆጣሪ ማውጣት የባለቤቷ ጉዳይ ነው፣ የተከራይ አይደለም። ግን አሁን ሁሉም የራሱን ያውቃል። ውጤቱ? የእኔ ክፍያ ጨመረ። ለመቆጠብ ተነስቼ ይባስ ከፋይ ሆኜ አረፍኩት። ለእህቴ ስነግራት በሳቅ ፈነዳች። «መጀመሪያ አንቺን ነበር መቀየር» አለች።

ያኔ ነው በእውነት መቆጠብ የጀመርኩት። ከፊት ለፊት ካለችው ጎረቤቴ ጋር ቅዳሜን ተጋራን። እሷ ስትጨርስ እኔ እቀጥላለሁ፣ ምጣዱ እንደጋለ። አንድ ሳምንት በእኔ ምጣድ፣ አንድ ሳምንት በእሷ። ያቺ ምጣድ ለማጋል ብቻ የምትሄደው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለሁለት ቤት ሆነች። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ሶኬቱን ነቅዬ ነው የማወጣቸው፤ ይበስላሉ። ባቄላና አተር ሳልዘፈዝፍ አላበስልም። ይህ የእናቶች ምክር ብቻ አይደለም። እኛ አገር ከፍታው ላይ ውኃ የሚፈላው ዘጠና ዲግሪ አካባቢ ነው። መቶ አይደርስም። ምንም ያህል እሳት ብትጨምሪ ውኃው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል እንጂ። ቆላ ላይ ቶሎ የሚበስለው ባቄላ እኛ ጋ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ምክንያት ይኸው ነው። እሳት ማብዛት ገንዘብ ማትነን ነው። ክዳን፣ መዘፍዘፍ፣ ዝግ ያለ እሳት። በቃ።

ስለ ከሰልና ቡታጋዝ ብዙ አልልም። ቡታጋዝ ሲገኝ ደስ ይላል። ሲገኝ። ከሰል ደግሞ ለቡና ነው፤ ለቡና ሌላ ነገር አላውቅም። አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ስንት ኪሎ እንጨት እንደሚቃጠል ሳስብ ሁለተኛውን ጀበና እተወዋለሁ። አንዳንዴ።

ኩበት ግን ሌላ ነው።

ሚያዝያ 2016 ለፋሲካ መንዝ ወረድኩ። ወረድኩ ስል ወጣሁ ማለቴ ነው። የእናቴ ቤት መብራት ገብቷል፤ ለአምፖልና ለስልክ። ማብሰያዋ ግን ኩበት ነው። ከቤቱ ጀርባ ክምሩ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ልጅ ሆነን እበት የምንለቅመው እኔና እህቴ ነበርን። ማለዳ፣ በረት ውስጥ፣ ጣት በሚቆርጥ ብርድ። ገና ትኩሱን እበት ስንይዝ እጃችን ይሞቃል። እህቴ «ሂተራችን» ትለዋለች አሁን። ከዚያ ከጭድ ጋር ይለወሳል፣ ይጠፈጠፋል፣ በበጋው ፀሐይ ይደርቃል። ክረምት ሳይገባ ይከመራል። ኩበት በነጻ ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። እኔም ደብተሬ ላይ «ኩበት፦ 0 ብር» ብዬ ነበር የጻፍኩት።

እናቴ ጋር ማሳው ዳር ተቀምጠን ነበር። የበልጉ ገብስ ሳስቷል። «አፈሩ ደክሟል» አለች። ማዳበሪያ ስንት እንደገባ ነገረችኝ፤ ተበድራ ነው የገዛችው። እዚያው ተቀምጬ ነው ነገሩ የገባኝ። ከብቱ የዚያን ማሳ ገለባ ይበላል። እበቱ ወደ ማሳው አይመለስም፤ ወደ እሳት ይገባል። ማሳው ይራባል። ከዚያ እናቴ ብር ተበድራ ማሳውን ማዳበሪያ ታበላዋለች። በነጻ ነው ያልኩት ኩበት ሂሳቡ በዩሪያ ስም ሲመጣ ኖሯል። ሌላው ሂሳብ ደግሞ እኔ ቤት ለሕክምና የመጣችበት ዓይኗ ነው። አርባ ዓመት ጭስ።

ሊድስ ያለችው አሮጊት ትዝ አለችኝ።

ደብተሩን አውጥቼ ዜሮውን ሰረዝኩት። በምትኩ ምን እንደምጽፍ ግን ጠፋኝ።

መብራት ተጠቀሚ አልላትም። የመንዝ መብራት ምጣድ ይሸከም አይሸከም አላውቅም፤ እሷም ገንዘብ የላትም። ባሕር ዛፍ አለ፤ ግን እሱ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ ለአጠና ይሸጣል፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ይከፈልበታል። እሱን ማንደድ ብር ማንደድ ነው ትላለች። ስለዚህ ጉልቻውን ቀየርን። ምርጥ የሚባለውን የሲሚንቶ ምድጃ አስገባንላት። ዙሪያው ዝግ ነው፤ እሳቱ ወደ ጎን አይሸሽም። በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ግማሽ ያህሉን ነው የሚበላው። እናቴ መጀመሪያ ቀን አጎንብሳ ስታየው «እሳቱ የት ሄደ?» አለች። ማየት የለመደችው ነበልባል የለም። ሁለት ቀን ተጠራጠረችው። በሦስተኛው ቀን ለጎረቤት ታሳይ ጀመር፤ ራሷ የሠራችው ይመስል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋወጠ። መስከረም 2017 ላይ አዲሱ ታሪፍ ጀመረ። ለአራት ዓመት፣ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ የሚሄድ ነው። ለእህቴ ስነግራት «እኛም ተቆጣጣሪው የሚያወጣው የዋጋ ጣሪያ በየሦስት ወሩ ነው የሚከለሰው» አለችኝ። ልዩነቱ የእነሱ አንዳንዴ ይወርዳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሕዳሴ ተመረቀ። እናቴ ድሮ የገዛችውን ቦንድ ወረቀት ከሣጥን አውጥታ ሳመችው። «አሁን ለእኔ ይቀንሱልኛል?» አለች። ቦንድ እንደዚያ አይሠራም ልል ነበር፤ ተውኩት።

ኅዳር 2018 ላይ እናቴ እንደገና መጣች፣ ለዓይኗ ክትትል። በአውቶብስ፣ ጆንያ ይዛ። ረዳቱ ለጆንያው ካልከፈልሽ ብሎ ተጨቃጭቋት፣ ኩበት መሆኑን ሲያይ አፍሮ ተዋት። ምን ያደርግልሻል ስላት «መብራት ይሄዳል አይደል?» አለች። ደግሞ ሌላ ወሬ ነበራት። አዲሱ ምድጃ ስላተረፈላት፣ የተረፈውን እበት ጓሮ ካለችው ቁራሽ መሬት ላይ በትናዋለች።

«እና ገብሱስ?» አልኳት።

«ውርጭ መታው። ከርሞ ይታያል።»

እሁድ ነበር። ቅዳሜ ለቅሶ ስለነበረብን መጋገሩን ለእሁድ አሳድረነዋል። ጎረቤቴ ጨርሳ እኔ ግማሽ ላይ ደርሻለሁ። እህቴ ስልክ ላይ ናት፤ አዲስ ካምፓኒ ልትቀይር እያወዳደረች ነው። ስምንት የምታህል እንጀራ የሚወጣት ሊጥ ቀርታኛለች። በዚህ መሀል መብራት ሄደ።

«ሄደ?» አለች እህቴ ከስልኩ ውስጥ፤ ዝምታችን ገብቷታል።

እናቴ ምንም አላለችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ጆንያዋን እየጎተተች ወደ ጭስ ቤቱ ሄደች። የሸክላ ምጣዷን ከግድግዳው ላይ አወረድኩላት። ሊጡን አንስቼ ልከተላት ስል፣ ከጎን ያለው ልጅ ግድግዳውን ከውስጥ ኳ ኳ አደረገው።

«እትዬ፣ ቀዘቀዘ እኮ!»